የሰንጠረዡ ልጅ

[ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ። ሙኒር ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ይሄ ሙኒር አጭር የኮምፒውተር ኮርስ ወስዶ፣ ኮምፒውተርን የፈለሰፈው እሱ ይመስል ነው የሚያወራው። ፊቱ ቆሞ የነሐሴን ዝናብ ምንጣፉ ላይ የሚያንጠባጥበው ጀይላን ነው፤ ጓደኛው፣ የታች ፎቅ ጎረቤቱ፣ ሲያስፈልግም ተላላኪው። ጀይላን የነገሩት ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ሲገባው ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚገባው። አሁን ከሰንጋ ተራ ፎቶ ኮፒ ቤት መመለሱ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ጭቅጭቁ ተጀምሯል።]

ሙኒር: ሰባት ሰጥቼህ አንድ ይዘህ ትመጣለህ? ስድስቱ የት ገቡ?

ጀይላን: እኔ ምን አውቃለሁ! የሰጠኸኝን ፍላሽ ነው ለልጅቷ የሰጠኋት።

ሙኒር: ፍላሹ ውስጥ ሰባት ሰንጠረዥ ነበር። የሰባቱም ብሎክ!

ጀይላን: ስትከፍተው አንድ ነው ያለው። የብሎክ ሰባት ብቻ። እሱኑ አተመችልኝ።

ሙኒር: መንገድ ላይ ምን አደረግከው?

ጀይላን: ምንም። ኪሴ ከተትኩት።

ሙኒር: የትኛው ኪስህ?

ጀይላን: የኋላው።

ሙኒር: የኋላው! ተቀመጥክባቸዋ!

ጀይላን: [የሱሪውን ኋላ እየዳበሰ] ታክሲው ጥቅጥቅ ያለ ነበር ወላሂ። ኋላ ወንበር ላይ ተጣበን ነው የመጣነው። አንዲት ደልደል ያለች ሴትዮ ደግሞ በጎን ተጭናኝ ነበር። ጨፍልቃቸው ይሆን?

ሙኒር: [እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ አሳምሮ ያውቃል። ግን ጥፋቱ የሱ ከሚሆን የሴትዮዋ ቢሆን ይመርጣል] ይሆናል። ዳታ ስስ ነገር ነው።

ጀይላን: ታክሲውን አሳድጄ ወንበሩ ስር ልፈልግ? ሹፌሩን አውቀዋለሁ።

ሙኒር: ሰንጠረዥ ወንበር ስር አይወድቅም!

ጀይላን: እኔም እሱን ነው የምልህ። ስሄድም ስመለስም ክብደቱ ያው ነበር። በእጄ እየመዘንኩ ነው የመጣሁት።

ሙኒር: ያ ረቢ! ድንች መሰለህ እንዴ የሚመዘነው? አቦ አንተ ሰውዬ ልታስገድለኝ ነው። ዛሬ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ጀይላን: ቅዳሜ።

ሙኒር: ቅዳሜ! ከአሱር ሶላት በኋላ ግቢ ውስጥ ስብሰባ አለ። ዘንድሮ እንቁጣጣሽና አረፋ ተከታትለው ነው የሚውሉት። የሰባት ብሎክ ሕዝብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በግ በጉን እየጎተተ አንዷ የጋራ ማረጃ ቤት በር ላይ ሊተራመስ ነው። ወይዘሮ ቀመሪያ ደግሞ የኮሚቴው ሰብሳቢ ናቸው። ተራውን በየብሎኩ በሰንጠረዥ ላወጣላቸው ልጅ…

ጀይላን: ይመርቁታል።

ሙኒር: ምርቃቱን ተወው! ሴት ልጅ አላቸው!

ጀይላን: ራኒያ።

ሙኒር: ስሟን በእርጥብ አፍህ አትጥራት። ስብሰባው እንዳለቀ ሽማግሌዎቼ እናትየው ቤት ይገባሉ። ሰንጠረዡ ካማረ ራኒያን አገኘሁ። ከተበላሸ ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው፣ ጃንጥላቸውን ይዘው ይመለሳሉ። አሁን ገባህ?

ጀይላን: ገባኝ። [ያስባል] ግን ራሱ አንተ ወርደህ «እኔ ነኝ የሰራሁት» ብትላቸውስ?

ሙኒር: ፋራ! ሽማግሌ የላከ ሰው በዛ ደጃፍ ዝር ይላል? ደግሞም ስሜ እነሱ ቤት ትንሽ… ታውቃለህ።

ጀይላን: የዲሹ ነገር?

ሙኒር: ዝም በል።

ጀይላን: ረመዳን ላይ ጣሪያ ወጥተህ «ጥርት አደርግላችኋለሁ» ብለህ፣ ብሎኩ በሙሉ እስከ ኢድ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ሲያነብ የከረመው?

ሙኒር: ንፋስ ነው ያዞረው! ለዚህ ነው ጋሽ ሁመድን «ስሜን ከመጀመሪያው አያንሱት» ያልኳቸው።

ጀይላን: የቱ ጋሽ ሁመድ?

ሙኒር: ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉት ናቸዋ። አንደበታቸው ዳኛ ያስለቅሳል። ትናንት በስልክ ነው የተዋወቅነው፤ ፊቴን አያውቁም፣ ስሜንም ገና አልነገርኳቸውም። ሁለት ሽበታም ጨምረው ይመጣሉ። «የሰንጠረዡን ልጅ ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው» ይላሉ። ወይዘሮ ቀመሪያ የሰራሁትን አይተው ልባቸው ቀልጧል። እሺ ይላሉ። ስሜ ከእሺታው በኋላ ይመጣል! አየህ ጀለሴ? ጭንቅላት ማለት ይሄ ነው።

ጀይላን: እሺ፣ ስድስቱስ?

ሙኒር: ፍላሹ ላይ እንደገና እገለብጥልሃለሁ። ና ተጠጋ። ኋላ ደግሞ «አልነበሩም» እንዳትለኝ በዓይንህ እይ። ይሄ ፓይተን ይባላል።

ጀይላን: [አንድ እርምጃ ወደ ኋላ] ዘንዶው?

ሙኒር: ቋንቋ ነው! ኮምፒውተሩን የምታዝበት ቋንቋ። ይቺ ደግሞ ሉፕ ነች። ሉፕ ማለት… አንተ ወያላ ነበርክ አይደል?

ጀይላን: ነበርኩ። ከልደታ ሜክሲኮ።

ሙኒር: በቃ፣ ሉፕ ታክሲ ነው። ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዙር ብሎክ አንድ ጋ ይሄዳል። አንተ ከየቤቱ የሰበሰብከውን ስም ያነባል፣ ማን በስንት ሰዓት እንደሚያርድ ተራ ያወጣል፣ ሰንጠረዥ ይሰራል፣ «ሰንጠረዥ» የምትባል ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል። በሁለተኛው ዙር ብሎክ ሁለት፣ እንደዛ እያለ እስከ ሰባት። ሲጨርስ ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ፍላሹ ላይ ይገለብጣል። እኔ እግሬን ሰቅዬ ሻይ እጠጣለሁ!

ጀይላን: ሳጥኗ ስንት ናት?

ሙኒር: አንድ ነቻ።

ጀይላን: ሰንጠረዡ ሰባት።

ሙኒር: ሰባት።

ጀይላን: [ግንባሩን ያካል] የብሎክ አንዱ ሰውዬስ?

ሙኒር: የቱ ሰውዬ?

ጀይላን: መጀመሪያ የተጫነው። ሳጥኗ ውስጥ ተቀምጧል አይደል? ብሎክ ሁለት ሲመጣ ጭኑ ላይ ነው የሚቀመጠው?

ሙኒር: ጭን የለውም! ሰንጠረዥ ነው!

ጀይላን: ጭን ከሌለው ይወርዳላ።

ሙኒር: አይወርድም!

ጀይላን: እኔ ወያላ ሳለሁ የአንድ ሰው ወንበር ላይ ሌላ ሰው ካስቀመጥኩ፣ የፊተኛው ወርዷል ማለት ነው። ካልወረደማ ይጣላሉ።

ሙኒር: ኮምፒውተር ውስጥ ጠብ የለም። ኮምፒውተር ውስጥ… [ያቆማል። ስክሪኑን ያያል። አንዲቷን ሳጥን ያያል። ብሎክ ሁለት ሲገባ ብሎክ አንድ ጠፍቷል፤ ሦስት ሲገባ ሁለት ጠፍቷል፤ መጨረሻ የገባው ብሎክ ሰባት ብቻ ነው ቁጭ ብሎ የቀረው። አይኑን ጨፍኖ ይከፍታል። አሁንም ሳጥኗ አንድ ናት።]

ጀይላን: ምነው ላበህ?

ሙኒር: …ላፕቶፑ ቫይረስ ገብቶበታል።

ጀይላን: ሴትዮዋ አይደለችም?

ሙኒር: ሴትዮዋ ነፃ ናት።

ጀይላን: አልሐምዱሊላህ! እኔ በሆዴ ስረግማት ነበር። አስተፍሩላህ። እስከ ልጅ ልጆቿ ሄጄባት ነበር።

ሙኒር: ስማ፣ አሁን አንድ ጥበብ ልጨምርበት ነው፤ ላንተ ይከብዳል። እናትህ እትዬ ጠጅቱ፣ ለሰርግ ሳህን ሲያውሱ…

ጀይላን: አታውስም።

ሙኒር: ሲያውሱ ነው እኮ ያልኩት!

ጀይላን: ድሮ ታውስ ነበር። አንዴ ትልቁ ድስቷ ቀርቶባት፣ ብሎክ ሦስት እንዳለች የምትባል ጎረቤት ቤት አየሁት አለች፣ እትዬ እንዳለች ደግሞ የራሴ ነው ብላ ማለች፤ ይሄው እስከዛሬ ሲተላለፉ ሰላም አይባባሉም።

ሙኒር: ጀይላን! ሳህኑ ከሌላ ሰው ሳህን እንዳይቀላቀል ምን ያደርጉበታል?

ጀይላን: ከስሩ በቀይ የጥፍር ቀለም «ጠ» ብላ ትጽፍበታለች።

ሙኒር: እሱ ነው! ከዛ ድስት በኋላ መጻፍ ጀመሩ አይደል? እኔም እንደዛው። ሳጥኗን ትቼ መደርደሪያ አበጃለሁ። ሰንጠረዡ በተሰራ ቁጥር ስሙ ይጻፍበታል። «ብሎክ አንድ» መደርደሪያው ላይ! «ብሎክ ሁለት» መደርደሪያው ላይ! ጎን ለጎን። ማንም ማንንም አያስወርድም።

ጀይላን: ጥፍር ቀለሙን ከየት ታመጣለህ? ከራኒያ?

ሙኒር: [እየተየበ] በኪቦርድ ነው የምጽፈው! አሁን እይ። ዙሩ ይጀምር። ቢስሚላህ። [ቁልፉን ይመታል። ሁለቱም አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ ይሰግጋሉ።]

ጀይላን: አንድ ነው ያለው።

ሙኒር: አያለሁ።

ጀይላን: አሁንም ብሎክ ሰባት ነው። ወይ ብሎክ ሰባት! ውሃ ሲመጣ እነሱ ናቸው ቀዳሚ፣ መኪና ማቆሚያው የነሱ ነው። እዚህም ገብተው ሰውን አባረሩ።

ሙኒር: ዝም በል፣ እያሰብኩ ነው። ዙሩ ይጀምራል… ባዶ መደርደሪያ ያበጃል… ሰንጠረዡን ስሙን ጽፎ ያስቀምጣል። ዙሩ ይጀምራል… ባዶ መደርደሪያ ያበጃል…

ጀይላን: እንዴ፣ በየዙሩ አዲስ መደርደሪያ?

ሙኒር: አዎ። ንጹህ እንዲሆን።

ጀይላን: ሃብታም ነህ። አሮጌውን ከነዕቃው ለማን ነው የምትሰጠው?

[ሙኒር ጣቱ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ይደርቃል። ከዛ ጮክ ብሎ ይስቃል።]

ሙኒር: ሃ! ጎሽ! መደርደሪያው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዙሩ ሳይጀመር በፊት ነው የሚበጀው። እሱን ልል ነበር እኮ። ሆን ብዬ ስፈትንህ ነው።

ጀይላን: አለፍኩ?

ሙኒር: ወደቅህ። [ያስተካክላል፣ ቁልፉን ይመታል] ቁጠር!

ጀይላን: ብሎክ አንድ… ብሎክ ሁለት… ኧረ ሁሉም መጥተዋል! ሰባት! [ስክሪኑን እያየ] አሰላሙ አለይኩም!

ሙኒር: ፍላሹ ላይም እያንዳንዱን በየራሱ ስም አስቀመጥኩት። ያዝ። በፊት ኪስ! ሰንጋ ተራ አሳትመህ ቀጥታ ወደ ስብሰባው። ለየብሎኩ ታድላለህ። ከዛ ወይዘሮ ቀመሪያ ቤት ተከትለህ ገብተህ የሚባለውን ትሰማለህ። ግን አትናገር! እንዴት ተሰራ ቢሉህ አትናገር፤ ታበላሸዋለህ። ማን ሰራው ቢሉህ አትናገር፤ ዲሹ ትዝ ይላቸዋል። ሽማግሌ ሲናገር ደግሞ አፍህን እንዳትከፍት። ምን አልኩህ?

ጀይላን: አልናገርም።

ሙኒር: በሕይወትህ አንድ ነገር እንኳ እንደነገሩህ አድርግ።

[ጀይላን ይወጣል። ሙኒር ቀኑን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ይንጎራደዳል። ፀጉሩን ይቀባል፣ ሸሚዝ ይቀይራል፣ «አማቴ ሆይ» እያለ መስታወቱ ፊት ይለማመዳል። ከበረንዳው የተሰጣ አንሶላ ጀርባ ሆኖ ወደ ታች ያያል፤ ከሰው ጃንጥላ በስተቀር የሚታይ የለም። አንዴ ጭብጨባ ይሰማል፤ ለራሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሊደርስ ሲል በሩ ይንኳኳል። ጀይላን ነው። ያነክሳል።]

ሙኒር: ተናገር! ሰንጠረዡስ?

ጀይላን: ሰባቱም ሰላም ደርሰዋል። ሰው ደስ ብሎት አጨበጨበ። ብሎክ ሰባቶች ብቻ ተኮሳተሩ፤ ተራቸው መጨረሻ ነው።

ሙኒር: ጭብጨባውን ሰምቼዋለሁ። ወይዘሮ ቀመሪያስ?

ጀይላን: «ይሄ ሁሉ ሰው እንዴት ሳይቀላቀል ቀረ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ፣ ዝም አልኩ። እንደገና ሲጠይቁኝ አፈርኩና «እያንዳንዱ ከስሩ ስም አለበት፤ እንደ ሰርግ ሳህን» አልኳቸው። ሴቶቹ በሙሉ «አሃ!» አሉ። እናቴና እትዬ እንዳለች ብቻ ተገላመጡ።

ሙኒር: ይሁን፣ ምንም አይደለም። ሽማግሌዎቹ ገቡ?

ጀይላን: ገቡ። ጋሽ ሁመድ ሲናገሩ ባየህ! [ድምፁን አወፍሮ፣ የሌለ ከዘራ ላይ ተደግፎ] «እነሆ ዝናቡ ሳይበግረን፣ ደረጃው ሳያደክመን ከደጃችሁ ደርሰናል። ልጃችሁን ለልጃችን ልንጠይቅ! ልጃችን ጨዋ ነው። እዚሁ ግቢያችሁ ነው። የሰንጠረዡ ልጅ ነው!»

ሙኒር: ወይ አንደበት! ስሜን አላነሱም አይደል?

ጀይላን: የት ሰምተውት። አታንሱ ብለሃቸው የለ።

ሙኒር: እንደነገርኳቸው! ከዛስ?

ጀይላን: እትዬ ቀመሪያ «ይሄ የሰንጠረዡ ልጅ?» አሉ። ጋሽ ሁመድ «እሱው!» አሉ። እትዬ ቀመሪያ ወደኔ ዞሩ። ጋሽ ሁመድም ወደኔ ዞሩ። ሁለቱም ሽበታሞች ወደኔ ዞሩ።

ሙኒር: [ፈገግታው መንገድ ላይ ቆሞ ይቀራል] ወዳንተ ለምን?

ጀይላን: ሰንጠረዡን ያደልኩት እኔ ነኛ። ስሙንም ከየቤቱ ስሰበስብ የከረምኩት እኔ ነኝ። ሌላ የሰንጠረዥ ልጅ የት ያውቃሉ?

ሙኒር: እና አፍ የለህም? «እኔ አይደለሁም» አትልም?

ጀይላን: ማን ሰራው ቢሉህ አትናገር ብለኸኝ! ሽማግሌ ሲናገር አፍህን አትክፈት ብለኸኝ!

ሙኒር: ከመቼ ወዲህ ነው አንተ የነገሩህን የምታደርገው?!

ጀይላን: እንደዛም ሆኖ ልናገር ነበር። ልክ አፌን ስከፍት ራኒያ ሻይ ልታስቀምጥልኝ ጎንበስ ብላ እግሬን ረገጠችኝ።

ሙኒር: ስታ ነው!

ጀይላን: እኔም ስታ ነው ብዬ እንደገና አፌን ከፈትኩ። የግራውን ደገመችኝ። በተረከዟ። [ካልሲውን ዝቅ አድርጎ ያሳያል] ይሄ መሳት አይመስልም ሙኒሬ።

ሙኒር: [አልጋው ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል] ከዛ… «አስበን እንመልሳለን» አሏቸዋ። በመጀመሪያ ቀን እሺ አይባልም። ሽማግሌ መመላለስ አለበት። ወግ ነው።

ጀይላን: እትዬ ቀመሪያ «በዓል ደርሷል፣ ደረጃው ያዳልጣል፣ ሽማግሌ አናመላልስም» አሉ። «ልጄ፣ ትፈልጊዋለሽ?» አሏት። ቀና ብላ «እሺ» አለች። ከዛ እኔን ጠየቁኝ።

ሙኒር: አንተስ?

ጀይላን: ሦስተኛ እግር የለኝም። እሺ አልኩ።

ሙኒር: [ብድግ ይላል] አይሆንም! ነገ በጠዋት ሌላ ሽማግሌ እልካለሁ! በስሜ! ሙኒር ተብሎ፣ ጮክ ተብሎ!

ጀይላን: ያው ለራኒያ?

ሙኒር: ለራኒያ!

ጀይላን: እኔ የተቀመጥኩበት ላይ?

ሙኒር: አዎ! እና ትወርዳለህ!

ጀይላን: አልወርድም። ጋሽ ሁመድ ማመልከቻ ጸሐፊ አይደሉ? እሺ እንደተባለ ብዕራቸውን አውጥተው «ጀይላን መሐሙድ» ብለው ከነአያቴ ስም አሰፈሩኝ። ራኒያ ራሷ ናት ፊደሉን ያስተካከለችላቸው።

[ሙኒር ተመልሶ ይቀመጣል። ላፕቶፑን ይዘጋል፣ ይከፍታል፣ መልሶ ይዘጋል። ቅባቱ ከግምባሩ ላይ መውረድ ጀምሯል። አዛን ይሰማል።]

ሙኒር: [ድምፁ ሟሽሾ] እና ስሜን… በዛ ሁሉ ሰው መሃል አንድ ጊዜ እንኳ አልጠራኸውም?

ጀይላን: እንዴት አልጠራም! እኔ እንደዛ ነኝ? «ሚዜው ማነው?» ሲሉኝ ጊዜ ሳልሰጣቸው «ሙኒር!» አልኩ። አስጻፍኩህ።

[ሙኒር ወለሉን ያያል። ጣሪያውን ያያል። የሸሚዙን ኮሌታ ያስተካክላል።]

ሙኒር: …አንደኛ ሚዜ?